የታምቡሩን ሽቦ የፈታሁት እኔ ነኝ

ወገኖቼ፣ እኔ ታምቡር ውስጥ ሽምብራ የጨመርሁ ሰው ነኝ።

የተቆላ። አንድ ጣሳ ሙሉ!

ግማሻችሁ አሁን "እኚያ ዝምተኛዋ ሴትዮ?" እያላችሁ ነው። አዎ፣ እኔው ነኝ። ይህን ገጽ የከፈተችልኝ የልጅ ልጄ "እማማ፣ ሰው የሚወደው ያፈሩበትን ነገር ሲጽፉ ነው" አለችኝ። እንግዲያው ያፈርሁበትን ልጻፍላችሁ። የኮራሁበትም እሱው ነው። ሁለቱን መለየት እስከ ዛሬ አቅቶኛል።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አገሩ ቢቸና። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ።

ትምህርት ቤታችን አንድ የብረት ታምቡር ነበረው። የሰልፍ ታምቡር፤ በአንገት የሚንጠለጠል፣ በሁለት ቀጫጭን ዱላ የሚመታ። ከየት እንደመጣ በውል የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ "ፈረንጅ ጥሎት ሄዶ ነው" ይላል፤ ሌላው "ከአዲስ አበባ ሙዚቀኞች የተረፈ ነው" ይላል። እኛ ስንደርስበት አርጅቶ ነበር። ብረቱ ጠቁሯል። ጎኑ ላይ የነበረው የላቲን ጽሑፍ ተፍቆ ሦስት ፊደል ብቻ ቀርቶታል።

ግን ድምፁ! ሲመታ የሰማ ሰው ሳያስበው እግሩን ያነሣል።

ታምቡር መቺው ተማሪ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲዛወር የስፖርት መምህራችን ምትክ ፈለጉ። መምህር ዮሴፍ ይባላሉ። የሐረር ሰው ናቸው፤ ቀጥ ያሉ፣ ፊሽካ ከአንገታቸው የማይወርድ። ወንዶቹን አንድ በአንድ ሞከሩ። አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይዘገያል። በመጨረሻ ከሰልፉ ጭራ የቆምሁትን እኔን ጠሩኝ።

መታሁ። አንድም አላጠፋሁም።

ምኑ ይገርማል? የመሪጌታ ልጅ ነኝ። ከበሮ እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

"ዲስ ኢዝ ኢት!" አሉ መምህር ዮሴፍ።

ሴት ታምቡር መቺ! ቢቸና ላይ! ወሬው እስከ ማታ ድረስ ገበያውን አዳረሰው።

በዚያው ሰሞን ሞጣ ላይ የትምህርት ቤቶች የስፖርት ውድድር ሊደረግ ነበር። ወንዶቹ ይሮጣሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ። ሴት ተማሪ ግን ለእንዲህ ያለ ነገር ከቢቸና ወጥታ አታውቅም። መምህር ዮሴፍ ለዳይሬክተሩ "የመክፈቻውን ሰልፍ ሴቶቹ ይምሩት፤ ታምቡሩንም የምትመታው ሴት ናት" ብለው ተከራከሩ።

ተፈቀደ! ለዘጠኝ ሴቶች።

እነዚያ ዘጠኝ ሴቶች የቤተሰባቸውን ፈቃድ ያገኙት ግማሾቹ በልመና፣ ግማሾቹ በልቅሶ ነው። ሞጣ ቀርቶ ደብረ ወርቅን እንኳ ያላየችው ትበዛ ነበር።

ዳይሬክተሩ ግን አንድ ነገር ተናግረው ነበር። "ታምቡር ካለ ሰልፍ አለ። ሰልፍ ከሌለ ሴቶቹ ሞጣ ድረስ ምን ሊሠሩ ይሄዳሉ?"

ይህን ልብ በሉልኝ። የዘጠኝ ሴቶች መንገድ በአንድ አሮጌ ብረት ላይ ተንጠልጥሏል።

ብረቱ ደግሞ በእኔ እጅ ነው!

ለውድድሩ ዘጠኝ ቀን ሲቀር መምህር ዮሴፍ "ይታይሽ፣ ይህን ነገር ወስደሽ አጽጂው፤ በሰው አገር እንዳያሳፍረን" አሉኝ። ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ወደ ቤት ወሰድሁት። በአመድና በሎሚ ፈተግሁት። ጥቁረቱ ለቀቀ። ፊቴን አየሁበት።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

አላቆምሁም።

ገለበጥሁት። የታችኛው ቆዳ ስስ ነው፤ ጣቴን ከበስተኋላ ባደርገው የሚታይ ይመስላል። በቆዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ሽቦ አለ፤ ጥምዝምዝ ያለ፣ የአልጋ ሞላ የሚመስል፣ ዐሥራ ሁለት ዘርፍ። ጫፍና ጫፉ በብሎን ታስሯል።

ይንሿሿል! ስናገር ይንሿሿል። ዶሮ ስትጮህ ይንሿሿል። አባቴ ጓሮ ሆነው ሲያስሉ ይንሿሿል።

እናንተ ብትሆኑ ስልካችሁን አውጥታችሁ "ይህ ምንድን ነው?" ትሉ ነበር። እኔ የነበረኝ ጆሮዬ ብቻ ነው። ጆሮዬ የተማረው ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ከበሮ ነው። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ከተንሿሿ ወይ ቆዳው ተሰንጥቋል፣ ወይ ጠፍሩ ላልቷል። አባቴ እንዲያ ያለ ከበሮ ሲሰሙ "ይህ ታሟል፤ አውጡልኝ" ነበር የሚሉት።

ታዲያ የታመመ ታምቡር ይዤ ሞጣ ልሂድ?

በጥሩ ልብ፣ በንጹሕ ሕሊና፣ በቢላ ጫፍ፣ ሽቦውን ፈታሁት።

ቀጥዬም ታምቡሩን ተሸክሜ አያ ካሴ ዘንድ ሄድሁ። አያ ካሴ በከተማችን የአብያተ ክርስቲያናቱን ከበሮ ሁሉ የሚወጥሩ ሰው ናቸው። የታችኛውን ቆዳ በአውራ ጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

"ይህ ቆዳ ነው እንዴ? የሽንኩርት ልጣጭ ነው! ላዩ ብር፣ ታቹ ወረቀት። ማነው እንዲህ ያታለላችሁ?"

"ፈረንጆች ይመስሉኛል፣ አያ።"

"ተይው ለእኔ። የበሬ ቆዳ አለብሰዋለሁ። የልጅ ልጅሽ ይመታዋል!"

ከዚያ በእጄ የያዝሁትን ሽቦ አዩ።

"ይህስ?"

"አይፈለግም።"

"ለብርቄ የድስት መፈተጊያ ይሆናታል" አሉና ለሚስታቸው ወሰዱት።

"ይውሰዱት" አልሁ። ሰጪዋ እኔ!

ቅዳሜ ዕለት ታምቡሩ የበሬ ቆዳ ለብሶ ተመለሰልኝ። ወፍራም፣ ውጥርጥር ያለ፣ የሚያምር ሥራ። ለመምህር ዮሴፍ "የታችኛው ቆዳ ሳስቶ ነበር፤ አሳድሼዋለሁ" አልኋቸው። "ጉድ ገርል!" አሉኝ። ሳያዩት። ዕቃ ቤት ጠባቂው አያ ደስታ ተቀብለውኝ ቆለፉበት።

ሰኞ ልምምድ ሆነ። ተማሪው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰለፈ። ዘጠኛችን ሴቶች ፊት። መምህር ዮሴፍ "አቴንሽን!" አሉ።

መታሁ።

ድም።

ድም። ድም።

ከኋላዬ አንድ ነገር ሲሆን ተሰማኝ። ዞር አልሁ። ሰልፉ መራመዱን ትቶ መወዛወዝ ጀምሯል! የምሬን ነው። ወንዶቹ አብዛኞቹ የቄስና የደብተራ ልጆች ናቸው፤ ያን ድምፅ ሲሰሙ እግራቸው ሳያስቡት ወደ ወረብ ሄደ። አንዱ ጸናጽል እንደያዘ ሰው እጁን ያነሣል። ከበስተኋላ አንዱ ባለጌ "እልልልል!" አለ።

ፊሽካ ተነፋ።

"ስቶፕ! ስቶፕ! ይህ ምንድን ነው? ማርች ነው ወይስ ማኅሌት?"

ሳቁ እስከ ገበያው ሳይሰማ አልቀረም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አመሰግናት ነበር።

መምህር ዮሴፍ ታምቡሩን ከአንገቴ አውርደው ገለበጡት። ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ሽቦው የት ሄደ?"

ባዶውን ቦታ በጣታቸው ነካኩት።

"እዚህ ጋ ሽቦ ነበረ! ድምፁን የሚሰጠው እሱ ነው! ላዩ ሲመታ የታቹ ስስ ቆዳ ይንቀጠቀጣል፤ ሽቦው ስሱን ቆዳ እየነካ ያንጫጫል። ያለ ሽቦ ይህ ባልዲ ነው!"

ስስ ቆዳ። ሽቦ። ሁለቱም። ሁለቱንም በገዛ እጄ!

"ይታይሽ፣ ስትወስጂው ሽቦ ነበረው?"

አንገቴን ደፋሁ። የዚያን ጊዜ ልጅ በታላቅ ፊት አንገቷን ስትደፋ ጨዋነት ነው፤ መምህር ዮሴፍም ዝምታዬን "አልነበረውም" ብለው ተረጎሙት። እኔም አላረምሁም።

ወዲያው አያ ደስታ ተጠሩ። ሽማግሌ ናቸው፤ የቁልፉን ገመድ ወገባቸው ላይ እንዳሰሩ መጡ።

"አያ ደስታ፣ ቁልፉ ያለው በእርስዎ እጅ ነው። የታምቡሩ ሽቦ የት ደረሰ?"

"ኧረ በማርያም! ሽቦ ለምኔ ነው? አጥር ላጥርበት?"

"እስከ ቅዳሜ ካልተገኘ ለዳይሬክተሩ እጽፋለሁ።"

ሽማግሌው በተማሪው ሁሉ ፊት ተዋረዱ። እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜአለሁ።

ያኔ ነው ከአፌ "እኔ እሠራዋለሁ" የሚል ነገር የወጣው። በጣም ቀስ ብሎ።

አጠገቤ የቆመችው ጓደኛዬ አስካለ እጄን ጨበጠችኝ። "አንቺ እኮ ልብ አለሽ!" አለችኝ።

ልብ አልነበረም። ጸጸት ነው። ከሩቅ ይመሳሰላሉ።

በቀጥታ አያ ካሴ ቤት ሮጥሁ። ዝግ! ጎረቤታቸው "የጁቤ ከተማ ለሠርግ ሄደዋል፤ ረቡዕ ነው የሚመጡት" አለችኝ።

ማክሰኞ ደግሞ ልምምድ አለ። መምህር ዮሴፍም "ምን ደረስሽ?" ማለታቸው አይቀርም።

እንግዲህ አስቡት። የሚያስፈልገኝ ምንድን ነው? የሚንሿሿ ነገር። ቤት ውስጥ የሚንሿሿ ምን አለ?

ሽምብራ!

ጥሬው ድምፁ ዝግ ስላለብኝ ቆላሁት። የላይኛውን ቆዳ ፈትቼ አንድ ጣሳ ጨመርሁ። ዘጋሁ። ቀስ ብዬ ስመታው ያንሾካሹካል። ደስ አለኝ። እንዲያውም ራሴን እንደ ሊቅ አየሁት፤ ምን ልደብቃችሁ?

ማክሰኞ ሜዳ ላይ ወጣሁ። ስምንቱ ሴቶች ፊቴን ፊቴን ያያሉ።

መታሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምቶች ደህና ነበሩ።

ችግሩ ስቆምም ማቆም እንቢ አለ። ስራመድ ሽው፣ ስዞር ሽው፣ ስተነፍስ ሽው። ሰልፉ በየትኛው ድምፅ እግሩን እንደሚያነሣ ጠፍቶት እርስ በርሱ ተጋጨ።

ይህ ትንሹ ነው።

ታምቡሩ ጎኑ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለችው፤ ለአየር መውጫ። ሽምብራው አገኛት!

አንድ ወጣ። ቀጥሎ ሁለት። ከዚያ በእያንዳንዱ ምት ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። እኔ ፊት ፊት እየመታሁ እሄዳለሁ፤ ከኋላዬ የሁለተኛ ክፍል ልጆች ከሰልፍ ወጥተው እየለቀሙ ይበላሉ።

"ይታይሽ ቆሎ ታዘራለች!"

"ኧረ ጨው ጨምሪበት!"

አስካለ እንኳ፣ ጓደኛዬ የምላት፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ "እቴ፣ ታምቡር ነው ወፍጮ?" አለችኝ።

መምህር ዮሴፍ አልተቆጡም። ይህ ነው የከፋው። አንድ ሽምብራ ከመሬት አንሥተው አገላብጠው አዩትና "ዳይሬክተሩ ቁርጡን የሚናገሩት ዓርብ ነው፤ ዓርብ ታምቡሩን ይሰማሉ" ብለው ሄዱ።

ሴቶቹ ከዚያ በኋላ አልሳቁም። አንዷ ቀሚሷን ለጉዞው አሰፍታ ነበር። ሳታየኝ አልፋ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ ጧት አያ ካሴ በር ላይ ነበርሁ። እትዬ ብርቄ ሽቦውን ከድስቱ አጠገብ አነሡልኝ።

"ልትወስጂብኝ ነው? ድስቴ እኮ እንዲህ ጠርቶ አያውቅም!"

ከዐሥራ ሁለቱ ዘርፍ አራቱ ተለጥጠው ተንዠርግገዋል። ስሱን ቆዳ ጠየቅሁ። አያ ካሴ ራሳቸውን አከኩ።

"የማር ገንቦ አፍ አሰርሁበት። ሁለት ቦታ ቆርጬው።"

ስስ ቆዳ የለም ማለት ነው። ቢቸና ላይ እንዲያ ያለ ስስ ቆዳ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው።

የእኛ ቤት።

አባቴ መጽሐፍ ጸሐፊ ናቸው። ብራናውን ራሳቸው ያዘጋጃሉ፤ የፍየሉን ቆዳ በእንጨት ላይ በገመድ ይወጥሩታል፣ ይፍቁታል፣ እንደገና ይወጥሩታል። ስደርስ እየፋቁ ነበር።

"አባባ፣ የታምቡሩን ሽቦ የፈታሁት እኔ ነኝ። ይንሿሿ ነበር። የታመመ መስሎኝ ነው። አያ ደስታ በእኔ ፈንታ ተጠረጠሩ።"

መፋቂያው አልቆመም። ሁለት ጊዜ ወረደ፣ ሁለት ጊዜ ወጣ።

"የሚንሿሿ ከበሮ ታሟል ያልሁ እኔ ነኝ" አሉ።

ተነሥተው ከቤት አንድ ብራና ይዘው መጡ።

"ይህ ለዳዊት ነበር። ግን ቀለም ይጠጣል፤ ፊደሉ ይፈስበታል። ለመጽሐፍ ካልሆነ ለጩኸት ይሁን።"

ብራናውን ውኃ ውስጥ ነከርነው። ሲለሰልስ የበሬውን ቆዳ ከታሰረበት ቀለበት አውጥተን ቀለበቱን በብራናው ለበጥነው፤ ጠርዙን ዙሪያውን አጥፈን ታምቡሩ ላይ ገጠምነው። ይድረቅ ብለን ጥላ ላይ ስናስቀምጠው አያ ካሴ የሥራቸውን መፍረስ ሰምተው መጡ።

"መሪጌታ፣ ከበሮ ፀሐይ ላይ ነው የሚደርቀው!"

"ከበሮ አይደለም፤ ብራና ነው። ፀሐይ ይቀደዋል።"

"የእኔን በሬ አውልቀው ፍየል ያለብሱታል?"

"በሬዎ ጮክ ብሎ አይናገርም፣ አያ ካሴ።"

"በሬ ነዋ! ጨዋ ነው!"

ተሳሳቁ። እስከ ሐሙስ ማታ ጥላ ላይ ዋለ። እኔ በየሰዓቱ በጣቴ እየነካሁ አባቴን አሰለቸኋቸው።

ዓርብ ጧት ሽቦውን አነሣሁ። ያልተለጠጡት ስምንቱ አንድ ላይ ያንጫጫሉ፤ የተለጠጡት አራቱ ግን በየፊናቸው ይንኳኳሉ። በአያ ካሴ ጉጠት አራቱን ቆርጬ ጣልሁ። ስምንቱን በቦታቸው በብሎን አሰርሁ።

መታሁ።

ፓ።

ምንም! ሽቦው አለ፣ ስስ ቆዳው አለ፣ ድምፁ የለም። በዚያች ደቂቃ ታምቡሩን ጉድጓድ ልጨምረው ቃጥቶኝ ነበር።

አባቴ ጎንበስ ብለው አዩት። በመጻሕፍት ጠርዝ ላይ ስሕተት ሲፈልጉ እንደሚያዩት ነው ያዩት። ጎኑ ላይ ትንሽ እጀታ አለች። ስፈትግ መቶ ጊዜ ፈትጌአታለሁ፤ ለጌጥ መስላኝ ነበር።

"ይህስ?" አሉና ወደ ላይ ገፏት።

ቀጭ።

እጀታዋ ሽቦውን ስባ ከቆዳው ጋር አጣበቀችው።

መታሁ።

ጭርርርርር!

ግቢው ውስጥ የነበሩ ዶሮዎች በረሩ። አባቴ ጆሮአቸውን ይዘው "በሥላሴ! ይህን ነው ዳነ የሚሉት?" አሉ። ግን አንድ ጊዜ ደግመሽ ምቺው አሉኝ። ደገምሁ።

ትምህርት ቤት ወስጄው ዳይሬክተሩ ሰሙ። በይሁንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይበቃል።

መምህር ዮሴፍ "ሽቦውን ከየት አመጣሽው?" አሉኝ።

"ከአያ ካሴ ቤት።"

"ሠሩልሽ! ድንቅ ሰው ናቸው!"

እውነቱን ነው የተናገርሁት። እሳቸው ናቸው የራሳቸውን የጨመሩበት። በዚያ ሳምንት እኔ ግማሹን ስናገር ሰው ሁሉ ግማሹን ይሞላልኝ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ በጭነት መኪና ተነሣን። የጥር ብርድ ነው። ከላይ ተጭነን፣ ዘጠኛችን ሴቶች በአንድ ጥግ ተጠጋግተን፣ ታምቡሩ ጉልበቴ ላይ። አያ ደስታም ዕቃ ጠባቂ ሆነው አብረውን ናቸው፤ ከእኔ ፊት ለፊት ተቀምጠው መንገዱን ሙሉ የቁልፋቸውን ገመድ ያፍተለትላሉ። ለዳይሬክተሩ ይጻፋል የተባለው ደብዳቤ ገና አልቀረላቸውም።

ሞጣ ስንደርስ ሜዳው ሞልቷል። የሞጣዎቹ ታምቡር ሲመታ ከሩቅ ሰማነው። ሞልቶ የተረፈ ድምፅ! አስካለ "አያስፈራም" አለችኝ። ከንፈሯ ግን ደርቋል።

ተራችን ደረሰ። ሜዳው መሐል ገባን። ዱላዬን አነሣሁ።

ፓፍ።

ወገኖቼ፣ ፓፍ!

የማለዳው ጤዛ ብራናውን አላልቶታል። ሽቦው የለቀቀ ቆዳ ላይ ተኝቷል።

"ቢቸና! ታምቡራችሁ ተኝቷል!" አለ ከሞጣዎቹ አንዱ።

"ቀስቅሱት፣ በርበሬ አሽትቱት!"

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። መምህር ዮሴፍ ፊሽካቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ቀሩ። አያ ደስታ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

መሬት ላይ ተቀመጥሁ። በአዲስ ዩኒፎርም፣ በሕዝብ ፊት። የብሎን መፍቻውን አውጥቼ የታችኛውን ቆዳ ዙሪያ የያዙትን ብሎኖች ማጥበቅ ጀመርሁ። አንዱን አጠበቅሁ፣ ቀጣዩን አጠበቅሁ፣ ሦስተኛውን። ቆዳው ወደ አንድ ወገን ተጨማደደ! አሁን ቢቀደድ ሁሉም ነገር አለቀ።

እጄን ከብሎኑ ላይ አነሣሁ።

አባቴ ብራና ሲወጥሩ በአንድ ወገን ብቻ ገመድ አይስቡም። የዚህን ጎን ጥቂት ይስባሉ፣ ዞረው የፊት ለፊቱን ጥቂት ይስባሉ። ልጅነቴን ሙሉ አይቼዋለሁ፤ አንድም ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

ሦስቱን ፈታሁ። እንደ አዲስ ጀመርሁ። አንዱን ግማሽ ዙር፣ ከዚያ ፊት ለፊቱን ግማሽ ዙር። የጎኑን፣ የጎኑን ፊት ለፊት። ስምንት ብሎን። ከዚያ እንደገና ስምንቱን።

ሰው መሳቁን እያቆመ መጣ። ከተቀመጡት መሐል አንድ ሽማግሌ "ምን እየሠራች ነው?" ሲሉ ሰማሁ። አንዱ "ብራና እየወጠረች ነው፤ የደብተራ ልጅ ትመስላለች" ብሎ መለሰ።

መጨማደዱ ጠፋ። ቆዳው ልሙጥ ሆነ። እጀታዋን ወደ ላይ ገፋሁ። ቀጭ።

ቆምሁ።

ጭርርርርር! ጠ-ጠ-ጭርርር!

የዘጠኝ ሴቶች ዘጠኝ ቀኝ እግር አንድ ላይ ተነሣ። ከኋላችን ወንዶቹ። ማንም ወረብ አልያዘም፣ ማንም አልተጋጨም። በሞጣዎቹ ፊት ስናልፍ የተቀመጡት ሰዎች እግር መሬቱን ሲመታ አየሁ። ያ "በርበሬ አሽትቱት" ያለው ልጅም እየመታ ነበር! እሱን አይቼ ዱላዬን ትንሽ ጠንከር አደረግሁት። ትንሽ ብቻ።

ሜዳውን ዞረን ስንጨርስ ሞጣዎች ቆመው አጨበጨቡልን። በሰልፍ አንደኛ ቢቸና ተባለ።

ሩጫውን አትጠይቁኝ።

ሲያበቃ መምህር ዮሴፍ ከመኪናው አጠገብ ሰበሰቡን። "ይህች ልጅ ሌሎች ያጠፉትን ነገር በእጇ ሠርታ ክብራችንን መለሰች" አሉ። "ሌሎች" ሲሉ አያ ደስታን አዩ። ተማሪው ሁሉ አያቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

እኔ ሰኞ ዕለት አንገቴን የደፋሁት ትዝ አለኝ።

"መምህር" አልሁ። ድምፄ ከታምቡሩ የበለጠ ተንሿሿ። "ሽቦውን የፈታሁት እኔ ነኝ። አያ ደስታ ምንም አያውቁም። እኔ ነኝ በቢላ ፈትቼ ለድስት መፈተጊያ የሰጠሁት።"



መምህር ዮሴፍ አዩኝ። ዐይናቸው እንባ አቀረረ።

"አያችሁ?" አሉ ወደ ተማሪው ዞረው። "ሽማግሌው እንዳይዋረዱ ጥፋቱን በራሷ ላይ ወሰደች። ይህ ነው ጨዋነት!"

ጭብጨባ!

"ኧረ የእውነቴን ነው!" አልሁ።

ጭብጨባው ጨመረ።

አስካለ አቀፈችኝ። "ለድስት መፈተጊያ! ከየት አመጣሽው?" እያለች ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። መምህር ዮሴፍ ግን በዚያው አፍረው ኖሮ ደብዳቤው እንደማይጻፍ ለአያ ደስታ በሰው ፊት ነገሯቸው። ይህ ብቻ ነው ያሰብሁት የተሳካልኝ።

አያ ደስታ መጥተው ግንባሬን ሳሙኝ። "የእኔ ልጅ፣ ስለ እኔ እንዲህ ሆንሽ? ዕድሜ ይስጥሽ" አሉ።

"አያ፣ በእውነት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ፣ ልጄ። አውቃለሁ" አሉኝ፤ ምንም ሳያውቁ።

በሚቀጥለው ዓመት ሴቶቹ አሥራ ስድስት ሆነው ሄዱ። ማንም "ምን ሊሠሩ?" አላለም።

አያ ደስታ ግን እስኪያርፉ ድረስ ባገኙኝ ቁጥር ይመርቁኝ ነበር። በሠርጌ ቀን ተነሥተው ታሪኩን ለእንግዳው ሁሉ ተናገሩ፤ እኔ ሙሽራ ሆኜ "አይደለም" ለማለት አፌን ስከፍት ሚዜዬ አስካለ ረገጠችኝ። ከአባቴ በቀር አንድ ሰው እንኳ አላመነኝም። አባቴም የሚያምኑኝን ነገር ለሰው የሚያወሩ ሰው አልነበሩም።

ስለዚህ ዛሬ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሁሉ በሚያነበው ቦታ ጻፍሁት። ሽቦውን የፈታሁት እኔ ነኝ። ስሱን ቆዳ ያስወለቅሁት እኔ ነኝ። ሽምብራውም የእኔ ነው። አያ ደስታ ንጹሕ ሰው ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። እባካችሁ ከታች "እማማ፣ ትሕትናዎ እንዴት ደስ ይላል!" ብላችሁ ኮሜንት እንዳትጽፉብኝ።

ጀመራችሁ፣ አይደል?